ከአሰብ የመጣው ፊት

ከሚሴ በኖርኩባቸው ዓመታት ሰው ከሥራዬ ይልቅ በኒሻኖቼ ነበር የሚያውቀኝ። ሥራዬ ስልክ ማገናኘት ነው፤ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ ቴሌፎኒስት ነበርኩ። ኒሻን የሚሉት ደግሞ ክፍሌ ግድግዳ ላይ በቀይ ከፋይ የሰካኋቸውን ሜዳልያዎች ነው። «ሳትዘምት የተሸለመች» እያሉ ይስቁብኛል። ኒሻን አይደሉም፣ ወደ ጠፈር ለተላኩ መንኮራኩሮችና ሰዎች መታሰቢያ የተቀረጹ ናቸው ብዬ መጀመሪያ ላይ አስረዳ ነበር። በኋላ ተውኩት። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ማስረዳት ደሜን ያፈላዋል።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የአሰብ መስመር ሹፌር ነው። ያኔ አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ሊሠሩ የመጡ መስኮቦች፣ የሩሲያ ሰዎች፣ ነበሩ። ሹፌሮቹ ከደጋ ፍራፍሬ ሲወስዱላቸው፣ እነሱ ከኪሳቸው ሜዳልያና የደረት ጌጥ እያወጡ ይሰጧቸዋል። ሹፌር ሜዳልያ ምን ያደርግለታል? ወይ ለልጁ መጫወቻ ይሰጠዋል፣ ወይ መኪናው መስታወት ላይ ያንጠለጥለዋል። ይሄኛው ግን ኮምቦልቻ ካለችው የታመመች ሚስቱ ጋር ቶሎ ስላገናኘሁት አንዷን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። አራት ረጃጅም ጢም ያላት ድቡልቡል ነገር ተቀርጾባታል፤ መጀመሪያ ወደ ጠፈር የተላከችው መንኮራኩር ናት። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር «ሌላስ?» እለዋለሁ፤ እሱም እየሳቀ ያመጣልኛል። የሮኬት አለኝ፣ የጨረቃ አለኝ፣ የውሻም አለኝ። የውሻዋን ብዙም አልወዳትም ነበር። ወደ ላይ ተልካ ሳትመለስ የቀረች ናት፤ ሜዳልያው ላይ ግን ጆሮዋን አቁማ ተቀምጣለች።

ክፍሌ ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው። ከባድ መኪና ሲያልፍ ግድግዳው ይንቀጠቀጥና ሜዳልያዎቹ እርስ በርሳቸው ይንቃጨላሉ። መኪና ሳያልፍም የሚንቃጨሉበት ጊዜ ነበር፤ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ጭር በሚልበት ሰዓት። ከጨፋ ሜዳ የሚመጣ ንፋስ ነው እል ነበር። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀን ሲሆን ግን ሥራ ያለኝ መስዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ። ፈሪ አይደለሁም፤ ቢሆንም እወጣለሁ።

ያከራዩኝ ሴትዮ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው ሙስሊም እናት፣ ጥቂት ላሞች ያሏቸው፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚያወሩ። አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው። እሱም የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ ወደ አሰብ ወረደና በዚያው ቀረ። እኔ ቤታቸው ስገባ ድምፁ ከጠፋ ዓመታት አልፈው ነበር። ሴትዮዋ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ካዩ የያዙትን ጥለው ይሄዳሉ። «ከአሰብ ነህ ወይ? ልጄን አላየኸውም? ቅንድቡ ላይ በቅሎ የረገጠችው ጠባሳ አለ» ይላሉ። የሹፌሮቹ ሁሉ መልስ አንድ ነው፤ አላየንም። ሴትዮዋ ሲመለሱ ደጃፌ ላይ ቆም ብለው፣ «ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ካለ ልወቀው፤ ከሌለም ወግ ደርሶኝ ላልቅስበት። ይሄ መሀል ቤት መቅረቱ ነው የገደለኝ» ይሉኛል። ሌላ የሚፈልጉት ነገር አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ሹፌሩ ከሌሎቹ የተለየች ሜዳልያ አመጣልኝ። ነጭና ቀላል ናት፤ መዳፍ ላይ ስትቀመጥ ያለች አትመስልም። ክብ የራስ ቁር ያጠለቀ የሰው ፊት አለባት። የማን መታሰቢያ እንደሆነች ገባኝ፤ ሬዲዮ ነግሮን ነበር፤ ከጠፈር ሲመለስ፣ መሬት ሊነካ ሲል የሞተው ሰው ነው። ያናደደኝ ግን መጫሯ ነው፤ ግራ ቅንድቡ ላይ አግድም የሄደ ጭረት አለባት። ሹፌሩን «ምነው፣ ከቁልፍህ ጋር አጋጨሃት?» አልኩት። «ወላሂ እንዲህ ሆና ነው የሰጡኝ» አለ።

ከፋዩ ላይ ስሰካት ሴትዮዋ ወተት ይዘውልኝ ገቡ። ሜዳልያዎቹን ከዚያ በፊት ልብ ብለው አይተዋቸው አያውቁም፤ የልጅ ጨዋታ ነበር የሚመስላቸው። ያን ቀን ግን ኩባያውን እንደያዙ ቆሙ። ኩባያው ዘመመና ወተቱ ወለሉ ላይ መፍሰስ ጀመረ፤ አላወቁትም።

«ይሄ ከየት መጣ?» አሉ።

«ከአሰብ።»

«ማነው?»

«አንድ መስኮብ ነው እማማ፣ በሮኬት ወደ ላይ የሄደ።»

«ተመለሰ?»

ምን ልበል? የማላውቀውን አላወራም፣ የማውቀውንም አልደብቅም። «ሲመለስ ነው የሞተው» አልኳቸው።

በጣታቸው ጫፍ ጭረቷን ነኩ። «ኢልመ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አይደለም አልኩ። ዓይኑን ይዩት፣ አፍንጫውን ይዩት፣ ፈረንጅ ነው አልኩ። ይሄ ሚስማር የጫረው ነው፣ በቅሎ የረገጠችው አይደለም አልኩ። የሚሰሙኝ አይመስሉም ነበር። በአንገታቸው ያንጠለጠሉትን፣ የንግሥት ምስል ያለበትን ጠገራ ብር ከሻሻቸው ሥር አወጡና ፊቴ ላይ ያዙልኝ።

«እቺን ሴት ታያለሽ? የሞተች ናት። አያቴ አንገቷ ላይ ስታስራትም የሞተች ነበረች። በብረት ላይ ፊቱ የሚወጣ ወይ ንጉሥ ነው፣ ወይ ሙት ነው። የኔ ልጅ ንጉሥ አይደለም።»

እውነቱን ልናገርና፣ ደግሜ ሳየው ያ ፊት ከቅድሙ ጠቆር ያለ መሰለኝ። ሜዳልያዋን ነቅለው ሲወስዱ አልከለከልኳቸውም።

በሚቀጥለው ሰኞ ፈቃድ ወስጄ ባቲ ገበያ አብሬያቸው ሄድኩ። ማንጠልጠያ ሊያሠሩላት ነው። እኔ ደግሞ አንጥረኛው ተራ ብረት መሆኗን ሲነግራቸው ያምናሉ ብዬ ነው። አንጥረኛው ጠገራ ብር ሲገዛ ብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ሳይቆጥር የማይቀበል ጠንቃቃ ሽማግሌ ነው። ሜዳልያዋን ተቀብሎ ነጠብጣብ ፈለገ፤ የለም። በጥርሱ ነካ አደረጋት። ከዚያ ሚዛኑን አነሳና በአንዱ ወገን ጠገራ ብር፣ በሌላው እሷን አስቀመጠ። የሷ ወገን ወደ ላይ ተፈናጠረ።

«ይሄማ አሉሚኒየም ነው፣ ድስት የሚሠራበት» አልኩ ቶሎ ብዬ።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር አላለም። ሴትዮዋን «የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ።

«የልጄ።»

«አለ?»

«ከአሰብ አልተመለሰም።»

ቀለበቷን አበጀላትና ሜዳልያዋን በጨርቅ ይዞ መለሰላቸው፤ በባዶ እጁ ሊነካት አልፈለገም። «ነፍስ ያለው ሰው ነገር እንዲህ አይቀልም። አላህ ይረህመው በይ» አላቸው። ዙሪያችን ግመል የሚጎትቱ አፋሮችና እህል የሚሰፍሩ ደገኞች ይጯጯሁ ነበር። ለአፍታ ያ ሁሉ ጫጫታ ጸጥ ያለ መሰለኝ። እኔ ብቻ ነኝ እንዲህ የተሰማኝ ብዬ ሴትዮዋን አየኋቸው። እሳቸውም እንደሚያዳምጥ ሰው አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር።

የከሚሴው ሸህ አስተዋይ ሰው ነበሩ። በብረት ቁራጭ ሞት አይታወቅም ብለው ተከራከሩ። ሴትዮዋ «እርስዎ ልጅ ጠፍቶብዎት ያውቃል?» ብለው ጠየቋቸው፤ ሸሁ አንገታቸውን ደፉ። ሬሳ በሌለበት የሚሰገደው ሰላት ተሰገደ፣ ለሰደቃ ፍየል ታረደ፣ ዱዓ ተደረገ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ ለሳቸው ልጅ ይሁን መሬት ሊነካ ሲል ለሞተው ፈረንጅ ግን ለይቼ አላውቀውም።

ያስፈራኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሴትዮዋ ዳኑ። መንገድ ዳር መውጣት ተዉ። እህል መብላት ጀመሩ፣ ፊታቸው ሞላ፣ ከጎረቤት ጋር ይሳሳቃሉ። ሜዳልያዋን አልጋቸው ራስጌ ምሰሶው ላይ ሰቀሏት። ጠዋት ጠዋት «አካም ቡልቴ?» ሲሏት በግድግዳው ማዶ ይሰማኛል፤ እንዴት አደርክ ማለት ነው። ከዚያ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጥቂት ዝም ይላሉ። «አልሐምዱሊላህ» ብለው ደግሞ ወደ ላሞቻቸው ይሄዳሉ። በዚያች ዝምታ መሀል እኔም ትንፋሼን ይዤ ጆሮዬን እቀስር ነበር። አንድም ነገር ሰምቼ አላውቅም። እሳቸው ግን ይሰሙ ነበር፤ ካልሰሙማ «አልሐምዱሊላህ» ለምን ይላሉ?

አንድ ክረምት ሰው ጨረቃ ላይ ሄደ ተባለ። ከተማው ሬዲዮ ያለበት ሻይ ቤት ደጃፍ ተሰብስቦ ዋለ፤ የሚያምነውም፣ የማያምነውም፣ «ኡኡ» የሚለውም። እኔ ደስታዬን የማደርስበት አጥቼ ነበር። ቤት ገብቼ ለሴትዮዋ ነገርኳቸው።

«እነሱስ ተመለሱ?» አሉኝ።

«ተመለሱ እማማ፣ ሁሉም በደህና።»

«እናቶቻቸውን አያድርገኝ» አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ብዙም ሳይቆይ፣ ቀትር ላይ፣ የኮምቦልቻዋ ቴሌፎኒስት ደወለችልኝና «ከአሰብ መስመር አለሽ» አለችኝ። አገናኘሁ። ሩቅና ቀጭን የወንድ ድምፅ መጣ። «ሐሎ፣ ከሚሴ ነው? እናቴን ጥሩልኝ» አለና የአከራዬን ስም ከነአባታቸው ነገረኝ።

«አንተ ማነህ?» አልኩት፣ ማን ሊሆን እንደሚችል እያወቅኩ።

ልጃቸው ነኝ አለ። መርከብ ላይ ተቀጥሮ ከወደብ ወደብ ሲዞር ኖሮ ገና መውረዱ ነው። ሳልናደድ አልቀረሁም፤ «እስከ ዛሬ አንድ ቃል እንኳ መላክ አቃተህ?» አልኩት። «አፈርኩ። ባዶ እጄን እንዴት ብዬ» አለ። እውነት ሰው መሆኑን ላረጋግጥ ብዬ ስለ ጠባሳው ጠየቅኩት። «የቅንድቤን? በቅሎ ናት» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሁለት ጊዜ ተሰማኝ። መስመሩ አንዳንዴ ያስተጋባል፤ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። ያም ሆኖ ፀጉሬ ቆመ። ቆይቶ መልሶ እንዲደውል ነግሬው እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ።

ስሮጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴትዮዋ ግን ሲሰሙኝ አልጮሁም፣ እልልም አላሉም። ለሰላት እንደሚታጠቡት ውዱእ አደረጉ፣ ነጭ ለበሱ፣ መቃብር እንደሚጎበኝ ሰው ቀስ ብለው ተከተሉኝ። ስልኩ ሲደወል ጆሯቸው ላይ ያዝኩላቸው። እኔም በማዳመጫዬ እሰማለሁ።

«እማዬ!» አለ።

«አቤት ልጄ። በረደህ?»

«ኧረ አሰብ ነኝ እማዬ፣ ሙቀቱ ሊያነደኝ ነው።»

ሴትዮዋ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ሙቀት ላይ ነኝ አለ፣ ያ ረቢ» አሉ ወደ እኔ፣ በሹክሹክታ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ሰደቃው አልደረሰህም? ፍየሉ?» አሉት።

«የምን ፍየል?»

«አልደረሰውም» አሉ። ስልኩን ከጆሯቸው ገፉት። «ዱዓውን አሳንሰንበት ነው። ንገሪው ኢንተላ ኮ፣ እንጨምራለን፣ እናርዳለን በይው።»

ወጥተው ሄዱ። እሱ ከዚያ ማዶ «እማዬ፣ እማዬ» ይላል። ያ ድምፅ ባዶ ወንበር ላይ ሲጣራ መስማት እንዴት እንደሚከብድ ልነግራችሁ አልችልም። «በአካል መጥተህ ራስህን አሳያቸው» አልኩትና ገመዱን ነቀልኩ።

መጣ። ከከባድ መኪና ወርዶ ሻንጣውን ይዞ ግቢው በር ላይ ሲቆም እኔ ደጃፌ ላይ ነበርኩ። ረዥም ነው፤ ፊቱን ፀሐይና ጨው በልቶታል፤ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳው አለ። ሴትዮዋ ከላሞቹ በረት ሲወጡ አዩት። «መርሐባ እንግዳችን፣ ግባ» አሉት። ምንጣፍ አነጠፉለት፣ እግሩን አስታጠቡት፣ ወተት አቀረቡለት። ጉልበታቸው ላይ ወድቆ ሲያለቅስ ራሱን ዳበሱት።

«አይዞህ። ከሩቅ ነው የመጣኸው መሰል። እናትህ መምጣትህን ታውቃለች?» አሉት።

እንደዚያ ያለ ለስላሳ ድምፅ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

ሸሁ መጥተው ልጅሽ ነው አሏቸው። ጎረቤቱ ሁሉ መሰከረ። ሴትዮዋ ሁሉንም «እሺ» ይላሉ። በማግስቱ ጠዋት ግን «አካም ቡልቴ?» የሚሉት ምሰሶውን ነው፤ ልጁ ከምሰሶው ሥር ተኝቶ እያለ። አንድ ቀን ሜዳልያዋን አውርዶ ይዟት ቢሮዬ መጣ።

«እህቴ፣ ይሄ እኔ ነኝ?» አለኝ።

«መስኮብ ነው። ሞቷል» አልኩት።

ወደ መስኮቱ ይዟት ብዙ አያት። «ይመስላል እኮ» አለ። «መርከብ ላይ ሳለሁ አንድ ሰሞን ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። አይተርፍም ብለውኝ ነበር። ምናልባት ያኔ…» ብሎ ተወው።

ቁጣዬ መጣ። «ወሬ አታብዛ! ነፍስ ያለህ ሰው ነህ፣ እጅህ እንኳ ይሞቃል» ብዬ እጁን ያዝኩት። እጁ ቀዝቃዛ ነበር። ለላሞቹ ውሃ ሲቀዳ መዋሉን አስታወስኩና ተጽናናሁ።

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀ። ሴትዮዋ በረት ውስጥ ሲያልቡ አገኘኋቸውና፣ «እማማ፣ ይሄ ልጅዎ ነው። ዓይንዎ ሥር በሰቀቀን ሊያልቅ ነው። እንዴት አያውቁትም?» አልኳቸው።

ማለባቸውን አላቆሙም። «የወለድኩትን ላጣው ነው? ገና ከመኪናው ሲወርድ በትከሻው አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«አሰብ እዚያው ነው ኢንተላ ኮ። መኪናውም በየቀኑ ያልፋል። ይሄን ልጄ ነው ብዬ ከያዝኩት፣ ነገ ተነስቶ ይሄድና እንደገና መንገድ ዳር ልቆም ነው። ያኛውን ቀብሬዋለሁ፤ የትም አይሄድብኝም። ሁለተኛ መጠበቅ አልችልም። አልቄያለሁ።»

ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወጥቼ ልጁን «እንዳትሄድ። ምንም ቢሉህ እንዳትሄድ» አልኩት። አልሄደም። እህል መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ ላሞቹን ይጠብቃል፣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ይጠግናል። ከባድ መኪና ሲያልፍ ጀርባውን ለመንገዱ ይሰጣል፤ እናቱ እንዲያዩለት ነው። እሳቸው «እንግዳዬ» ይሉታል እንጂ ስሙን አይጠሩም።

የሰደቃው ቀን በዓመቱ ሲደርስ ሴትዮዋ ማንንም አላማከሩም። እንግዳቸውን «ፍየል ግዛልኝ» አሉት፤ ገዛ። «እረድልኝ» አሉት፤ አረደ። ቆዳውን ገፈፈ፣ ድንኳኑን ተከለ፣ የመጣውን ሰው እጅ አስታጠበ። የከተማው ሸህ ታመው ስለነበር ዱዓውን የሚያደርጉት ከሌላ አገር የመጡ፣ ቤቱን የማያውቁ ሸህ ናቸው። ሰው ሁሉ መዳፉን ከፍቶ ተቀመጠ። እንግዳው ሸህ ጀመሩና ቆም አሉ።

«የሟቹ ስም ማን ይባላል?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤቶቹ መሬት መሬቱን አዩ። ሴትዮዋ ከሴቶቹ መሀል ቀና አሉ፤ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ስሙን ከጠሩ አቤት እንደሚላቸው ያውቃሉ። ልጁ የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። እናቱን አያቸው። ጠበቀ። እሳቸው ዓይናቸውን ሰበሩ።

ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠና ስሙን ከነአባቱ ስም ጥርት አድርጎ ለሸሁ ነገራቸው። ከዚያ ከሰዎቹ መሀል ገብቶ ተቀመጠ፤ መዳፉን ከፈተ።

«አላህ ይረህመው» አሉ ሸሁ።

«አሚን» አለ።